የዘይት ዘር፣ የአየር ጠባይና የዘይት ጥራት፦ ከወንጪ ደጋ እስከ ሠፈራ ቆላ

በአምቦና በወሊሶ መካከል የምትገኘው ወንጪ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ በተኛው ሐይቋና በሐይቁ ደሴት ላይ ባለው የቂርቆስ ገዳም ትታወቃለች። ለእርሻ ባለሙያና ለእርዳታ ሠራተኛ ግን ወንጪ ሌላም ትምህርት የምትሰጥ አገር ናት። የገሞራው ከንፈር ከባሕር ወለል በላይ 3386 ሜትር ሲደርስ፣ ሐይቁ በ2887 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲወረድ አምቦ በ2100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አምቦን አልፎ ወደ ጉደር ሲዘለቅ ደግሞ ከፍታው ወደ 2000 ሜትር ይጠጋል። ከፍታው በ100 ሜትር በቀነሰ ቁጥር አየሩ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ በለጥ እያለ ስለሚሞቅ፣ ከገሞራው ከንፈር እስከ ጉደር ያለው የሙቀት ልዩነት ወደ 8 ዲግሪ ይደርሳል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ልዩነት በሜዳማ አገር ለማግኘት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መጓዝ ያስፈልጋል።

በዚህ በአንዱ ቁልቁለት ላይ የዘይት እህል እንደ ከፍታው ይፈራረቃል። ገብስ፣ እንሰትና ድንች በሚበዛበት በላይኛው ደጋ ኑግ ብርዱን ስለማይችል ቦታውን ለተልባና ለጐመንዘር ይለቃል። ወደ አምቦና ወደ ጊንጪ ሜዳ ሲወረድ ኑግ ይበዛል፤ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ጥቅምት ማሳው ቢጫ ለብሶ ይታያል። ከዚያም በታች ቆላው ሲጀምር ተራው የሰሊጥ ነው።

ይህንን ማንኛውም ገበሬ ያውቀዋል። እምብዛም ያልታወቀው ነገር፣ አንዱ ዘር በደጋና በቆላ ቢዘራ የሚሰጠው ዘይት አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ከዚህም በላይ አንዳንዱ ዘር አየሩን ተከትሎ ዘይቱን ሲለዋውጥ፣ ሌላው በሙቀትም በብርድም ጠባዩን የማይለውጥ መሆኑ ነው። ዘር የሚያከፋፍል፣ ዘይት የሚገዛ ወይም በመጋዘን የሚያስቀምጥ ሠራተኛ ይህንን ካልተገነዘበ፣ በሰነዱ ላይ ሁሉም ነገር ተሟልቶ እያለ ዕቃው ሲከፈት የከረፋ ዘይት ሊያጋጥመው ይችላል።

የነገሩ ክብደት በራሽን ሂሳብም ይታያል። በአገራችን በተለመደው የእርዳታ ራሽን አንድ ሰው በወር የሚደርሰው 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና 450 ግራም ዘይት ነው። ዘይቱ ግማሽ ሊትር አይሞላም። ይሁን እንጂ አንድ ግራም ዘይት ከአንድ ግራም እህል እጥፍ በላይ ኃይል የሚሰጥ ሲሆን፣ ሆዱ ጠባብ ለሆነ ሕፃን በጥቂት ምግብ ውስጥ ብዙ ኃይል ማስገቢያው መንገድ እርሱ ነው። ዘይቱ ከርፍቶ ቤተሰቡ ከደፋው ወይም ለመብራት ካዋለው፣ በወረቀት ላይ የተሞላው ራሽን በድስት ውስጥ ጎዶሎ ሆነ ማለት ነው።

ዘይት ስለምን ይረጋል፣ ስለምንስ ይከረፋል?

በገበያ «የሚረጋ ዘይት» የሚባለው ከውጭ አገር የሚመጣው የፓልም ዘይት፣ በጋምቤላ ሙቀት እንደ ውሃ ሲፈስ በወንጪ ማለዳ ግን እንደ ሞራ ይጋገራል። የኑግ ዘይት በሁለቱም ቦታ ፈሳሽ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ዘይቱ ከተሠራባቸው የስብ አሲዶች ነው። በፓልም ዘይት ውስጥ ከስብ አሲዶቹ ግማሽ ያህሉ «የጠገቡ» ናቸው፤ እነዚህ በቀላሉ ይረጋሉ፣ ነገር ግን ቶሎ አይከረፉም። ያልጠገቡት ደግሞ በሰንሰለታቸው ላይ እጥፍ ማያያዣ ያላቸው ናቸው። ኦሌይክ አሲድ አንድ፣ ሊኖሌይክ አሲድ ሁለት፣ ሊኖሌኒክ አሲድ ሦስት እጥፍ ማያያዣ አላቸው። እጥፍ ማያያዣው በበዛ ቁጥር ዘይቱ በብርድ ሳይረጋ ይቆያል፤ ሆኖም የአየር ኦክሲጅን የሚያጠቃው በዚሁ በኩል በመሆኑ ቶሎ ይከረፋል። ሊኖሌይክ ከኦሌይክ 10 እጥፍ ያህል፣ ሊኖሌኒክ ደግሞ ከ20 እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ከኦክሲጅን ጋር ይዋሐዳል።

ከዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር ያስፈልጋል። ሊኖሌይክና ሊኖሌኒክ አሲዶች ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸውና ከምግብ የግድ ማግኘት ያለበት ናቸው። ስለዚህ እነዚህ የበዙበት ዘይት «መጥፎ» ነው ማለት አይቻልም። ጥራት የሚለካው ከታሰበው አገልግሎት ጋር ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሚበላ ዘይት አንድ ፍርድ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስድስት ወር ለሚቀመጥ ዘይት ሌላ ፍርድ ይሰጣል።

ቤተ ሙከራዎች ይህንን ጠባይ ለመለካት የቆየና ርካሽ የሆነ ዘዴ አላቸው፤ ይኸውም የአዮዲን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን እጥፍ ማያያዣው በዝቷል ማለት ነው። የተልባ ዘይት ከ170 በላይ፣ የኑግ በ130 አካባቢ፣ የሰሊጥ ከ104 እስከ 120፣ በሜዲትራንያን አገሮች የሚመረተው የወይራ ዘይት ደግሞ ከ75 እስከ 94 ይሆናል።

አየሩ በዘሩ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ተክሉ በፍሬው ውስጥ መጀመሪያ የሚያዘጋጀው ኦሌይክ አሲድን ነው። ቀጥሎም አንድ ኤንዛይም በኦሌይክ ላይ ሁለተኛ እጥፍ ማያያዣ ጨምሮ ሊኖሌይክ ያደርገዋል፤ በተልባና በመሳሰሉት ደግሞ ሌላ ኤንዛይም ሦስተኛውን ይጨምራል። በብዙ የዘይት እህሎች ይህ ሥራ በቀዝቃዛ አየር ይፋፋማል፣ በሙቀት ይዳከማል። አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬው እስኪጠነክር ባሉት ጥቂት ሳምንታት የሚኖረው ሙቀት፣ በተለይም የሌሊቱ፣ የዘይቱን ጠባይ ይወስናል። ስለዚህ «የዚህ ወረዳ አማካይ ሙቀት ይህን ያህል ነው» የሚለው የዓመት ቁጥር ብቻውን ብዙ አይረዳም። ሊጠየቅ የሚገባው ፍሬው በየትኛው ወር ይሞላል የሚለው ነው።

ይህንን በግልጽ ካሳዩት ሙከራዎች አንዱ ካንቪን የተባለ ተመራማሪ በካናዳ ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው ነው። ተመራማሪው የተለያዩ የዘይት እህሎችን ከ10 እስከ 26 ዲግሪ ተኩል ሴንቲግሬድ ባለው የተወሰነ ሙቀት ውስጥ አሳደገ። በጐመን ዘር ወገን በሆነው በሬፕሲድ፣ በትልቁ የሱፍ አበባና በተልባ፣ ሙቀቱ ሲጨምር ብዙ እጥፍ ማያያዣ ያላቸው አሲዶች ቀነሱ። እሾሃማው የአገር ሱፍና ጉሎ ግን ከሙቀቱ ጋር አልተለወጡም። በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ ዓይነት እንክብካቤ፣ አንዱ ለአየሩ ሲገዛ ሌላው አልተገዛም።

ኑግ

ኢትዮጵያ የኑግ መገኛ አገር ናት። ኑግ በውሃ የተጨናነቀ ጥቁር አፈርን ከብዙዎቹ ሰብሎች ይልቅ የሚችል በመሆኑ በጊንጪ አካባቢ ለሚገኘው ዋልካ መሬት የተመቸ ነው። ዘሩ ከመቶ 30 እስከ 45 እጅ ዘይት ይይዛል። መጠኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው አንደኛው ነገር የፍሬው ቅርፊት ውፍረት ነው፤ ቅርፊቱ በሳሳ ቁጥር ዘይቱ ይበዛል። ሁለተኛው ፍሬው ሞልቶ የመብሰሉ ጉዳይ ነው።

ገበሬዎች ኑግን በሦስት ይከፍሉታል። አባት ኑግ በሰኔ ገደማ ተዘርቶ በታኅሣሥ የሚሰበሰብ፣ ዝናብና አፈር በተሟላበት በወይና ደጋ የሚዘራ ነው። ቡኝ ኑግ በሐምሌ ተዘርቶ በጥቅምት የሚደርስ፣ ዝናቡ በሚያጥርበት ስፍራ የሚመረጥ ነው። መስኖ ኑግ የሚባለው ደግሞ በመስከረም ተዘርቶ እስከ የካቲት የሚቆይ፣ ውሃ ተኝቶበት በነበረ መሬት ላይ በቀረው እርጥበት የሚያድግና ውርጭን የሚችል ነው። ስሙ አሳሳች ስለሆነ አንዳንድ አዲስ ሠራተኛ ቦይ የሚፈልግ ሊመስለው ይችላል።

ይህ የገበሬ አከፋፈል ለዘይት ጥራትም ትልቅ ትርጉም አለው። ሦስቱ ኑጎች በአንድ ወረዳ ውስጥ ቢዘሩ እንኳ ፍሬያቸውን የሚሞሉት በሦስት የተለያዩ አየሮች ውስጥ ነው። አባት ኑግ ከጥቅምት በኋላ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ይሞላል፤ መስኖ ኑግ የኅዳርንና የታኅሣሥን ብርድ ይጠግባል፤ ቡኝ ኑግ ግን ገና የክረምቱ ደመና ሳይገፈፍ፣ ሌሊቱ ለብ እንዳለ፣ በመስከረም ይጨርሳል። ስለዚህ የሁለት ኑጎች ዘይት ተወዳድሮ ልዩነት ቢገኝ፣ የዘሩ ነው ወይስ የወሩ ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ «ይህ ዝርያ ይሻላል» የሚል ውሳኔ መስጠት የችኮላ ሥራ ነው።

ተመሳሳይ ጥያቄ በሰፊው ሲነሣ የቆየው በኢትዮጵያና በህንድ ኑግ መካከል ነው። ህንድ ኑግን በጥንት ዘመን ከኢትዮጵያ አግኝታ ስታመርት የኖረች አገር ናት። በኢትዮጵያ ኑግ ዘይት ውስጥ ሊኖሌይክ አሲድ ከመቶ 75 እጅ ገደማ ሲሆን በህንዱ 55 እጅ ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ የጎደለውን ቦታ በአብዛኛው የያዘው ኦሌይክ ነው። የህንድ ኑግ የሚበቅለው ከሸዋ ደጋ ይልቅ በሚሞቅ አገር በመሆኑ፣ ለልዩነቱ የአየሩ ድርሻ ከባድ ነው። ይሁንና ዘርም ድርሻ እንዳለው በኋላ ታውቋል። በስዊድንና በኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ትብብር በተካሄደ የማራባት ሥራ፣ ከኢትዮጵያ ኑግ ውስጥ ተመርጠው ኦሌይክ የበዛባቸው መስመሮች ተገኝተዋል። ይህም ማለት፣ ለሙቅ አገር መጋዘን የሚስማማ ዘይት የሚሰጥ ኑግ ከራሱ ከአገሩ ዘር መካከል ሊወጣ ይችላል ማለት ነው።

በኑግ ላይ ሌላም ችግር አለ። ኑግ በራሱ ብናኝ አይፀንስም፤ ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ የምታመላልሰው ንብ ናት። የጥቅምት ማር ያማረ የሚሆነው ለዚሁ ነው። ነገር ግን በጎረቤት ማሳ የሌላ ዓይነት ኑግ ካለ፣ የተመረጠው ዘር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደባለቃል። እንደ ፎገራ፣ ኩዩ፣ ሻምቡና ጊንጪ ያሉ የተለቀቁ የኑግ ዝርያዎች ስማቸውን እንደያዙ እንዲቆዩ ዘራቸው በየጊዜው መታደስ አለበት። በማኅበር መጋዘን ውስጥ አምስት ዓመት የዞረ «ፎገራ» ፎገራ ስለመሆኑ ማንም ሊምል አይችልም።

ተልባና ጐመንዘር

ተልባ ለአየሩ እጅግ ይገዛል። ከዘይቱ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ሊኖሌኒክ አሲድ ነው፤ ፍሬው በብርድ ሲሞላ ይህ ይጨምራል። ስለዚህ በወንጪ ከፍታ የበቀለ የተልባ ዘይት ከዝቅተኛ አገሩ ይልቅ ቶሎ የሚደርቅ ነው፤ ለቀለም ፋብሪካ ይህ ምርጥ ነው፣ ለመጋዘን ግን መጥፎ ነው። የደጋ ሰው ተልባን ቆልቶና ወቅጦ ወዲያው ስለሚበላው ጉዳቱ አይደርስበትም፤ ዘሩ ሳይወቀጥ በቅርፊቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ዘይቱ ተጠብቆ ይቆያል። ችግር የሚመጣው ተልባን እንደ ኑግ ጨምቆ በጀሪካን ለማከማቸት ሲሞከር ነው። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሊኖሌኒክ አሲዱ እጅግ ዝቅ እንዲል የተደረገ ተልባ በማራባት ተገኝቷል፤ ያ ተልባ ወደ ብርድ አገር ቢወሰድም ሊኖሌኒኩ ተመልሶ አይጨምርም፤ ሥራውን የሚሠራው ኤንዛይም ስለጎደለው ነው።

ጐመንዘር የዚህ ተቃራኒ ነው። በጓሮ የሚበቅለው የአገር ጐመንዘር ዘይት ከመቶ 40 እጅ ያህሉ ኤሩሲክ የሚባል አሲድ ነው። ይህ አሲድ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የልብ ጡንቻን እንደሚጎዳ በመታየቱ፣ ለምግብ በሚቀርብ ዘይት ውስጥ እንዲገደብ ተደርጓል። ከወንጪ አውርዶ በአምቦ መዝራት ወይም ከአምቦ ወደ ላይ ማውጣት ይህን ቁጥር እምብዛም አያንቀሳቅሰውም፤ የዘር ጉዳይ ነውና የሚፈታውም በዘር ብቻ ነው። እናቶች ጐመንዘርን ፈጭተው ምጣድ ማሰሻ ያደርጉታል፣ ቅጠሉንም ይቀቅሉታል፤ በዚህ መጠን አሳሳቢ አይደለም። የሠፈራ ጣቢያ ሙሉ የዘይት ፍጆታውን በአገር ጐመንዘር ላይ ይመሥርት ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ደጋው የራሱ ሌላ ጉዳት አለው። ኅዳር ላይ የሚወርደው ውርጭ ያልበሰለ ፍሬ ሲመታ፣ የፍሬው አረንጓዴ ቀለም ሳይጠፋ ይደርቃል። የተጨመቀው ዘይትም አረንጓዴ ይሆናል፤ ብርሃን ሲያገኘው ከሌላው ፈጥኖ ይበላሻል።

ስለ ሁለቱ ሱፎችና ስለ ወይራ

እሾሃማው የአገር ሱፍና ትልቁ የሱፍ አበባ ከኑግ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የአገር ሱፍ ዘይት ከመቶ 75 እጅ በላይ ሊኖሌይክ ሆኖ በሙቀትም ሳይለወጥ ይቀራል። ትልቁ የሱፍ አበባ ግን በአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች ሲበቅል 70 እጅ ገደማ ሊኖሌይክ ሲኖረው፣ ያው ዝርያ በሞቃቱ ደቡብ ወደ 50 እጅና ከዚያም በታች ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1976 በሶቪየት ኅብረት የተገኘው ፔርቬኔትስ የተባለው የሱፍ አበባ ደግሞ ኦሌይክ የበዛበት ሆኖ ከአየሩ ጋር የሚለዋወጠው በጥቂቱ ነው።

የወይራ ነገር ከሁሉም ይለያል። በጊንጪ አጠገብ ባለው በጭሊሞ ደን የሚገኘው የአገራችን ወይራ፣ የወተት ዕቃ የሚታጠንበትና ለእርሻ መሣሪያ የሚፈለገው ዛፍ፣ ዘይት ለሚጨመቅበት ለሜዲትራንያኑ ወይራ ዘመድ ነው፤ ፍሬው ግን ትንሽና ሥጋ የሌለው ስለሆነ ለመጭመቂያ አይውልም። የሜዲትራንያኑ ወይራ ዘይቱን የሚይዘው በአብዛኛው በፍሬው ሥጋ ውስጥ እንጂ በዘሩ ውስጥ አይደለም፤ በዚያም ሕጉ ይገለበጣል። ሙቀት ሲጨምር ኦሌይኩ ይወርዳል። አርቤኪና የተባለው የስፔን ዝርያ በትውልድ አገሩ በካታሎኒያ ኦሌይኩ 70 እጅ ገደማ ሲሆን፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ አርጀንቲና ሞቃት ሸለቆዎች ተወስዶ ሲተከል፣ ዘይቱ ዓለም አቀፉ የወይራ ምክር ቤት ካስቀመጠው ዝቅተኛ ወሰን ከ55 እጅ በታች የወረደበት ጊዜ አለ። እውነተኛ የወይራ ዘይት ሆኖ ሳለ በመለኪያው «ወይራ አይደለም» ሊባል ደረሰ ማለት ነው። ኮራቲና የተባለው የጣሊያን ዝርያ ግን በዚያው ሙቀት የተሻለ ጸንቷል። ስለዚህ በወይራ ላይ የተጻፈውን መመሪያ ወደ ኑግ፣ በሱፍ አበባ ላይ የተጻፈውን ወደ ወይራ መገልበጥ አያዋጣም።

ወደ ሠፈራ ቆላ

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ወደ 600000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል መወሰዱ ይታወቃል። ብዙው ሰው የደጋና የወይና ደጋ ነዋሪ ሲሆን፣ በወባና በሌላ በሽታ የደረሰበት ጉዳት ከባድ ነበር። በመተከል የሚገኘው የፓዌ ጣቢያ ከፍታው 1100 ሜትር ገደማ ነው። ይህም ከአምቦ 1000 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ በሙቀትም 6 ዲግሪ ያህል የሚበልጥ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው በየክልሉ ውስጥ የተካሄደ ሠፈራም ብዙ ቤተሰብ ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ቦታ አውርዷል።

ሰው ሲሠፍር የለመደውን ዘር ይዞ መሄድ ይፈልጋል፤ ዘር የሚያድል ድርጅትም የሠፋሪውን ልማድ መጠየቁ ደግ ነገር ነው። ሆኖም ኑግና ተልባ ለምዶ የኖረ ቤተሰብ በቆላ ያንኑ ዘር ሲዘራ ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛ፣ ሰብሉ በሙቀት ተቻኩሎ ስለሚደርስ ፍሬው ሊቀጭጭና የዘይቱ መጠን ሊቀንስ ይችላል፤ በዚህ ላይ ዝናቡ ፍሬው ሳይሞላ ከተቋረጠ ጉዳቱ ይብሳል። ሁለተኛ፣ የሚገኘው ጥቂት ዘይት ኦሌይኩ ከፍ ያለ ሊሆን ቢችልም፣ የሚቀመጥበት ቤት ሙቀት ያንን ትርፍ መልሶ ይወስደዋል፤ ሙቀት ዘይትን ማከርፋቱን ያፋጥናልና።

ለቆላው ተፈጥሮ ያዘጋጀችው ሰሊጥን ነው። በሰሊጥ ዘይት ውስጥ ኦሌይክና ሊኖሌይክ ተቀራራቢ ናቸው፤ ከዚህ በላይ ግን ዘይቱን ከመከርፋት የሚጠብቁ የራሱ ቅመሞች በውስጡ አሉት። ስለሆነም ከአዮዲን ቁጥሩ ከሚጠበቀው በላይ ይቆያል። የሰሊጥ ችግር ገበያ መውደዱ ነው፤ ዋጋው ስለሚያጓጓ ሠፋሪው ሸጦት ለቤቱ የሚረጋ ዘይት ይገዛል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጣቢያው ሲታቀድ ግን «ሰሊጥ ስላመረቱ ዘይት ይበላሉ» ተብሎ ከራሽኑ ዘይት መቀነስ የለበትም። ለውዝም ለቆላ ይስማማል፤ በደንብ ካልደረቀ ግን ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመጣል።

በድርቅ ጊዜ የሚበላው የዘር እህልም በዚሁ ጉዳይ ውስጥ ይገባል። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል፣ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት፣ በድርቅ የጠፉ የገበሬ ዘሮችን ሰብስቦ ወደየአገራቸው የመመለስ ሥራ ሠርቷል። ይህ ሥራ ለዘይት እህልም ትልቅ ዋጋ አለው። አንድ ወረዳ የራሱን ቡኝ ኑግ ካጣ በኋላ ከሌላ ወረዳ የመጣ አባት ኑግ ቢታደለው፣ በከረጢቱ ላይ የተጻፈው «ኑግ» ነው፤ ገበሬው ግን በጥቅምት ሊሰበስብ ያሰበውን እስከ ታኅሣሥ ይጠብቃል፣ ዝናቡም አይጠብቀውም።

በመጋዘንና በመጭመቂያ ቤት

በአምቦና በጊንጪ መስመር ባሉ ከተሞች የሚሠሩ ትናንሽ መጭመቂያዎች ከልዩ ልዩ ቀበሌ የመጣ ዘር ይቀበላሉ። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚለው ተረት በእነዚህ ቤቶች እውነት ነው፤ ኑግ ከተልባ፣ ከጐመንዘርና መጭ ከሚባለው የኑግ ዘመድ አረም ጋር ተደባልቆ ይጨመቃል። ጥቂት ተልባ በኑግ ዘይት ውስጥ መግባቱ የዘይቱን ዕድሜ ያሳጥራል። ስለሆነም ለእርዳታ ከአካባቢ ዘይት የሚገዛ ሠራተኛ ከመጭመቁ በፊት ዘሩን በእጁ አፍሶ ማየት ይገባዋል። ተልባ ጠፍጣፋና አንጸባራቂ፣ ጐመንዘር ክብ፣ ኑግ ቀጭንና ጥቁር ስለሆነ ለመለየት መሣሪያ አያሻም።

ዘሩ በእርጥበቱ እንደ ተከመረ ከቆየ፣ ገና ሳይጨመቅ ዘይቱ በውስጡ ይኮመጥጣል፤ የኑግ ዘር እርጥበቱ ከመቶ 9 እጅ ሳይበልጥ መግባት አለበት። ሊኖሌይክ የበዛበት የደጋ ኑግ ዘይት ጥላ ባለበት፣ እስከ አፉ በተሞላና በተከደነ ቆርቆሮ ሊቀመጥ ይገባል፤ ብርሃን የሚያስገባ ነጭ ጀሪካን አይስማማውም። ሁለት ጭነት በአንድ ቀን ቢደርስና አንዱ የጊንጪ ኑግ፣ ሌላው የሰሊጥ ዘይት ቢሆን፣ ቀድሞ መታደል ያለበት ኑጉ ነው። በብዙ መጋዘን የሚሠራበት «ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ» የሚለው ደንብ ይህንን አያውቅም።

ከዘር ከረጢት ጋር የሚታሠረው ካርድ በአብዛኛው የሰብሉን ስም፣ ክብደቱንና የላኪውን ማኅተም ይይዛል። በዚያው ካርድ ላይ ሦስት መስመር ቢጨመር ወጪው የቀለም ነው፦ ዘሩ የተሰበሰበበት ቀበሌና ከፍታው፣ የተዘራበትና የተሰበሰበበት ወር፣ ገበሬው ራሱ ዘሩን የሚጠራበት ስም። የመጨረሻው መስመር በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ እንደተነገረ ይጻፍ፤ በወንጪ ተዳፋት አንድ ገበሬ «ይህ የታች ኑግ ነው» ካለ፣ ካርዱ ላይ «ኑግ» ተብሎ ብቻ መጻፍ የለበትም።